በአሎን ሾክ አብዞርበር የመጡብኝ ሽማግሌዎች

መኪና ጠላቴ ነው። ልጄ አሎን ደግሞ ከሠራዊት ከወጣ ወዲህ ከመኪና ሌላ ወሬ የለውም። ዓርብ ዓርብ ከቤርሼባ ወጣ ብሎ ባለ የአስፋልት ሜዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ኮኖች መካከል እየተጠማዘዙ በሰዓት የሚወዳደሩ ልጆች አሉ፤ አንዱ እሱ ነው። አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ኩርባው ላይ መኪናዋ ጋደል አለችና ሁለት ጎማዎቿ ከመሬት ተነሡ። እኔ እዚያው ዝርፍጥ አልኩ፣ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ! ሰው ሊሞት ሲል የሚያጨበጭብ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

መካኒኩ ኒሲም ነገሩን አስረዳን። ሾክ አብዞርበሮቹ አልቀዋል አለ፤ ጎማውን መሬት ላይ ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። አሎን የሚስተካከሉትን ሊገዛ ፈለገ፤ አናታቸው ላይ ያለችውን መዞሪያ ሲያዞሯት የሚጠነክሩትን፣ መልሰው ሲያዞሯት የሚለሰልሱትን። ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጠብቆ፣ "ኢማ፣ ነይ አብረን እንምረጥ" አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው በዕብራይስጥ።

"መሞቻህን ልምረጥልህ? ያቺን መኪና ሁለተኛ ከነዳህ ልጄ አይደለህም!" ቱግ አልኩ። እሱም በሩን በርግዶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ፔለፎኑ ላይ ብደውል ዝግ ነው። በነጋታው ውድድር አለ። በእነዚያ ባለቁ ሾኮች ይነዳል፣ ለእልህ ብሎ ይነዳል እያልኩ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባባ ፋንታሁን፣ በሰፈራችን በሽኩና ሄ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አጠገባቸው የሰፈሩ ባልቴት እማማ ቦጋለች አንገታቸውን ደፍተዋል። ከኋላቸው ኒሲም አለ፤ ያ ቀልደኛ ሰውዬ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ከኢትዮጵያ እዚህ እስራኤል ከመጣን ስንት ዓመታችን፣ እኛ ግን መርዶ በስልክ አንናገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል። ባሌ የሞተ ጊዜ በዚሁ በር ነው የመጡብኝ።

"ግቡ፣ አረፍ በሉ" አልኩ።

"አንቀመጥም፣ ካሳነሽ" አሉ አባባ ፋንታሁን። "መጀመሪያ አንቺ ተረጋጊ።"

አለቀልኝ። "ልጄን! ልጄን!" ብዬ ደረቴን መታሁ። "ሾኩን ከልክዬ ገደልኩት! አሎንዬ! ምን ነበረበት ብመርጥልህ!" እማማ ቦጋለች እጄን ሊይዙ ይታገላሉ፤ የሚሉት አይሰማኝም። ኒሲም በዕብራይስጥ "ምን አልናት? ምን አደረግናት?" እያለ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የላይኛዋ ጎረቤቴ እየሮጠች ወርዳ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ አብራኝ ታለቅስ ጀመር።

አባባ ፋንታሁን ወለሉን በዘንጋቸው ደበደቡት። "ኧረ ማን ሞተ? አንቺ ሴት፣ ማን ሞተ አለሽ? ልጅሽ አስታርቁኝ ብሎ ልኮን ነው የመጣነው!"

አሎን ደረጃውን እየዘለለ መጣ። ለካ ታች ኒሲም መኪና ውስጥ መልሴን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጩኸቴን ሲሰማ ፊቱ አመድ መስሏል። "ኢማ! ማን ነው የሞተው?"

በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ራሱን፣ ትከሻውን፣ እጁን ዳበስኩት። ሙሉ ነው።

"አልነዳሁም" አለኝ እያለቀሰ። "አጎቴ ቤት ነው ያደርኩት። መኪናዋ ኒሲም ጋራዥ ክሪክ ላይ ነች። ሳትፈቅጂልኝ አልነዳም።"

"እና በሌሊት ካልመጣን አላችሁ?" አልኳቸው ሽማግሌዎቹን።

"ኒሲም ጋራዡን ሳይከፍት ብለን ነዋ" አሉ አባባ ፋንታሁን። "ስለ ዕቃው የሚያውቀው እሱ ነው። ሽምግልና ነውና እንዳትስቅ ብለን አስጠንቅቀነዋል። በይ አሁን፣ እሺ እስክትይን አንቀመጥም።"

እሺ አልኩ። በዚያች ሰዓት ቤትሽን ልቀቂ ቢሉኝም እሺ እል ነበር። ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም፤ ፍርድም ሰጡ፦ ሾኩን እኔ እመርጣለሁ፤ እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ "ሂድ" ካላልኩት አሎን መኪና አያስነሣም። ዝም ካልኩ ወርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለታችንንም አስማሉን።

ጋራዡ ውስጥ ኒሲም ሁለት ዓይነት ዘረጋልኝ። "በጣም ጠንካራውን ስጠኝ" አልኩት።

"አይሆንም፣ ካሳነሽ። በጣም ከጠነከረ ጎማው ጉብታ ላይ ይዘላል፤ በጣም ከለሰለሰ መኪናዋ ትጋደላለች። የሚስተካከለውን ውሰጂ፣ መሀሉን እንፈልግለታለን።" ያረጀው ሾክ ያለበትን ጥግ አስጫነኝ፤ መኪናዋ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ አለች። ልጄ በዚህ ላይ ነው የሚሮጠው! አዲሱን ከገጠመው በኋላ ስጫን ግን ከፍ አለችና ቀጥ አለች። አራቱንም ጥግ እጄ እስኪዝል ተጫንኩ። ኒሲም መዞሪያዋን ያዞራል፣ እኔ እጫናለሁ፤ "ገና ነው" እላለሁ፣ ደግሞ ያዞራል።

የሚቀጥለው ዓርብ መጣ። አሎን ሄልሜቱን አጥልቆ መኪናዋን መነሻው ላይ አቆመ፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ዝም ብል ይወርዳል፣ አብሮኝ ቤት ይገባል፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ መሐላ አያፈርስም። ለዘላለም ላድነው እችላለሁ። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩንባ ይነፉብናል። እሱ አይለምነኝም፣ መሪውን ይዞ ይጠብቀኛል።

"ሂድ!" አልኩት።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጎማዎቹን ብቻ ነው ያየሁት፤ አንዱም አልተነሣ። ተመስገን ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀና ስል አሎን መነሻው ላይ ተመልሶ ቆሞ፣ ዞሮ ያየኛል። ለካ አንድ ሰው በቀን አራት ጊዜ ነው የሚነዳው። ይህን አባባ ፋንታሁንም አልነገሩኝ።