ያልተበየደው መውረጃ

"እግርህ ስር! እግርህ ስር!"

እህቱ ስትጮህ በያጁ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከብረቱ የተፈናጠረ ፍንጣሪ ደረቅ ሣር ውስጥ ገብቶ ቀጭን ጭስ ማውጣት ጀምሯል። በጫማው ደጋግሞ ረገጠው። እህቱም የያዘችውን የውሃ ጎማ ሣሩም ላይ እሱም ላይ አርከፈከፈችው።

"የተቃጠለው ሣሩ ነው፤ እኔን ለምን ታጥቢኛለሽ?" አላት ፊቱን በክንዱ እየጠረገ።

"ዝም ብለህ በይድ። ዛሬ ማለቅ አለበት።"

ቤቱ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው። ከጀርባው የጥድ ደን እስከ ሸንተረሩ ድረስ ይወጣል፤ ዝናብ ከጠፋ ከራረመና የዛፎቹ ቅጠል ሲነኩት ይሰበራል። ባለፈው በጋ ሰደድ እሳት ሲነሳ ከታች ያለችው ጎረቤታቸው ቤት የነደደው ነበልባሉ ደርሶበት አልነበረም። እሳቱ ከወንዙ ማዶ እያለ ንፋስ ያመጣው ፍም ከእንጨት በረንዳዋ ስር በተጠራቀመ ቅጠል ላይ አረፈ። በረንዳው ተያያዘ፤ ከበረንዳው ወደ ቤቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ እህቱ ደህና እንቅልፍ አልወሰዳትም። ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር ለወንድሟ ትደውላለች። "እንደምን አደርክ" ቀርቶ "መቼ ነው የምትመጣው?" ሆኗል ሰላምታዋ።

እሱም ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ መጣ። የድሮውን የእንጨት በረንዳ አፈረሰ። የብረት ቋሚዎች ተከለ፤ ወለሉን እሳት በማይበላው የሲሚንቶ ቦርድ አለበሰው፤ ከስሩ ያለውን ቅጠልና ሣር ጠርጎ ጠጠር አፈሰሰበት፤ ፍም እንዳይሾልክ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ ዘጋው። የቀረው የዊልቸር መውረጃው ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ መውረጃው ነበር። የእህቱ ባል ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከቤት የሚወጡት በበረንዳው በኩል ነው። የፊት ለፊቱ በር ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ አለው። አንድ ጊዜ ተሸክመዋቸው ሲወርዱ አምልጠዋቸው ወድቀው ትከሻቸው ተሰብሯል። በረንዳው ከፈረሰ ጀምሮ መስኮት ስር ተቀምጠው ሥራውን ሲመለከቱ ነው የሚውሉት።

"እናንተ ሰዎች..." አሉ አሁንም በመስኮቱ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተቱ፤ "ቤቴን ከእሳት... ልታድኑት ነው... ወይስ ቀድማችሁ ልታነዱት?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ቁጭ ይበሉ" አለ በያጁ እየሳቀ።

"ሌላ ምን... አማራጭ አለኝ?"

ሁሉም ሳቁ። የእህቱ ሳቅ ግን ቶሎ ተቋረጠ። ሬዲዮው ጠዋት ንፋሱ እንደሚበረታ፣ ማንም ሰው ከቤት ውጭ እሳት እንዳያነድ፣ ብረት እንዳይቆርጥና እንዳይበይድ ሲያስጠነቅቅ ሦስቱም ሰምተዋል። እሷ ድምፁን ቀንሳ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ማሽኑን ሰካ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። እስካሁን ከሸለቆው ይነፍስ የነበረው ከሸንተረሩ መውረድ ጀመረ፤ ትኩስና ደረቅ ሆኖ ከንፈር ይሰነጥቃል። ወፎቹ መቼ ዝም እንዳሉ ማንም ልብ አላለም። በያጁ የመጨረሻውን ቱቦ ብረት ለመቁረጥ መቁረጫውን አስነሳ። ፍንጣሪው እህቱ መከላከያ እንዲሆን ባቆመችው ላሜራ ላይ እየተንጣጣ ሲወርድ ቆየና አንድ ጊዜ ንፋሱ ዞር ብሎ መታው። ላሜራው ተገለበጠ። ፍንጣሪው በግቢው ግንብ ላይ አልፎ ቁልቁል ተበተነ።

ጩኸቱ ከታች መጣ።

በያጁ ግንቡን ዘሎ ሲወርድ ሣሩ ጠረጴዛ በሚያህል ቦታ ላይ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር እየተሳበ ጎረቤቷ ከቃጠሎው በኋላ ወደሠራችው ቆርቆሮ ቤት ይሄዳል። አሮጊቷ ጎረቤት እርጥብ ጆንያ ይዛ ትመታዋለች። ጃኬቱን አውልቆ አብሯት መታ። እህቱ ከላይ ጎማውን ዘረጋች፤ ውሃው ግን ጉልበት አልነበረውም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እሳቱ የጠፋው ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለው ባዶ አፈር ላይ ሲደርስ ነው።

ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ትንፋሽዋን ሰበሰበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

"ልጄ፣ እኔ ዳግመኛ ቤት ልሠራ የምችል ይመስልሃል?"

ክንዷን ይዞ አስነሳት።

ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑን ነቅሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች እህቱ።

"በቃኝ።"

"ሁለት ቦታ ብቻ ነው የቀረህ! ሁለት ቦታ በይደህ ትሄዳለህ።"

"እትዬ፣ አሁን እኮ ሰው ላቃጥል ነበር።"

"እሳቱ ቢመጣስ? እሳቸውን በምን ላወጣቸው ነው? በጀርባዬ ልዘላቸው? ተናገራ!"

"ነገ ንፋሱ ሲበርድ እመጣና..."

"ነገ፣ ነገ! ሦስት ወር ሙሉ ነገ ስትለኝ አልነበር?"

እውነቷን ነው። ገመዱን በክንዱ ላይ እንደጠቀለለ ቆመ። በዚህ መካከል የሆነ ነገር በነጩ የበረንዳ ወለል ላይ ጠብ አለ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። የጥድ ቅጠል ነው፤ ቅርጹን እንደያዘ ከሰል ሆኗል። ሲነካው በጣቶቹ መካከል ዱቄት ሆነ። ሌላ ወደቀ። ሌላም።

ሁለቱም ወደ ሸንተረሩ ቀና አሉ። ሰማዩ ጠዋት እንደነበረው ነው የመሰላቸው፤ ፀሐይዋ ግን የብርቱካን ቀለም ይዛ በዓይን ትኩር ብለው የሚያዩዋት ሆናለች። ከሸንተረሩ ጀርባ ቡናማ ጭስ ተነስቶ ወደ እነሱ አጋድሏል።

"የኛው ጭስ ይሆን?" አለች እህቱ በቀጭን ድምፅ።

"የኛ ጠፍቷል።"

ባልየው በመስኮቱ አይተው ኖሯል። "አልሄድም" አሉ ገና ሳይጠየቁ። "በረንዳው... ለዚህ አይደል... የተሠራው?"

"በረንዳው የተሠራው ለቤቱ ነው፣ ጋሼ" አለ በያጁ። "እርስዎ ቆርቆሮ አይደሉም።"

እህቱ ባሏን ሳታናግር ገብታ መድኃኒታቸውንና ብርድ ልብሱን በከረጢት መክተት ጀመረች። ባልየው ያን ጊዜ ነው እምቢታቸውን የተዉት።

በያጁ አጥሩ ጥግ ከተከመረው የድሮው በረንዳ እንጨት ወፍራም ወፍራሙን ጣውላ መርጦ እየጎተተ አመጣ። ባልየው በጤናቸው ጊዜ በእጃቸው የላጉት ነው። ከበረንዳው ጠርዝ እስከ መሬት አጋድሞ በሽቦ አሰረው። እህቱ ዊልቸሩን በገመድ ከኋላ ይዛ፣ እሱ ከታች በደረቱ እየደገፈ፣ ጣት በጣት አወረዷቸው። ጣውላው መሃል ላይ ጎበጠ፤ ሲጢጥ አለ።

"አይዟችሁ..." አሉ ባልየው ዓይናቸውን ጨፍነው፤ "ደህና አድርጌ... ነው የሠራሁት።"

በያጁ በመጣበት መኪና ውስጥ ካስገቧቸው በኋላ እህቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። በያጁ የታችኛዋን ጎረቤት ጮክ ብሎ ጠራት፤ እርጥቡን ጆንያ እንደያዘች መጥታ ከፊት ገባች። ጭሱ የዛፎቹን ጫፍ ሸፍኗል። ከደኑ ውስጥ እንደ ሩቅ የጭነት መኪና ድምፅ ያለ ነገር ይሰማል። ሞተሩን አስነሳና ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ከዚያ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"ደግሞ ወዴት ነው?" አለች እህቱ።

"ጣውላው እንዲሁ ከቀረ እሳቱ በእሱ ላይ ተራምዶ ነው የሚገባው። ላነሳው ነው።"

"ስንመለስ በምን እናስገባቸዋለን?"

ቆሞ አያት። "ስንመለስ" ያለችው ቃል በሁለቱም ጆሮ ውስጥ ቀረ። ሄዶ ያሰረውን ሽቦ በፒንሳ መቁረጥ ጀመረ። ጣውላው ከባድ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከበረንዳው ሲላቀቅ ሌላው ጠጠሩ ላይ ተተከለ። ብቻውን ሊነቀንቀው ሲታገል የመኪናው በር ሲከፈት ሰማ።

እህቱ መጥታ ከታች በኩል ቆመች። ባሏ በመኪናው መስታወት እንደሚያዩ ታውቃለች፤ ዞር አላለችም። እጅጌዋን ሰበሰበችና ጎንበስ አለች።

"ያንተን ጫፍ አንሳ" አለችው።