ያለቁት ፊደላት

ባልየው ከራት በኋላ ከወንበሩ ተነሣ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አስቀነሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም የኪቦርዱ ፊደላት ማለቃቸውን ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቀ።

«አልቀዋል ስትል?» አለች ሚስቱ።

«ተበልተዋላ! መጽሐፍ መጻፍ እኮ ቀልድ አይደለም።»

አማቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ ልጄ፣ ጣቶችህስ እንዴት ሆነው ይሆን?»

በዚያ ቤት በመጽሐፉ የሚቀልድ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ራት ሲነሣ ባልየው ትንሿን ክፍል ከውስጥ ይቆልፋል፤ ልጆቹ ኮቴያቸውን አጥፍተው ያልፋሉ። ሚስቱ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ሊታተም ምንም አልቀረው» ትላለች። አማቱማ ጎረቤት በተሰበሰበበት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብበው እንባ እንዳሸነፋቸው ተናግረዋል። ያን ዕለት ባልየው የሚገባበት ጠፋው። የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚባል ነገር አልነበረማ! እሱ በሩን ዘግቶ መኪና ነው የሚነዳው፤ ድምፁን አጥፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ እንደ ልቡ። ግን አማትን «ዋሹ» ማን ይላል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዝም አለ።

ሰሞኑን ነገር ተበላሸ። ሚስቱ «መጽሐፉ የማያልቅ ከሆነ ክፍሉን ልጆቹ ይማሩበት» ማለት ጀመረች። ጥፋቱ ኪቦርዱ ላይ የወደቀው ያኔ ነው። አዲስ ኪቦርድ ተገዝቶ፣ እጅ እስኪለምደው እየተባለ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያስገኛል።

ቅዳሜ ባልየው፣ ሚስቱና አማቱ ሦስቱም ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ሄዱ።

«ደራሲ ነው» አለች ሚስቱ ገና ከበሩ። «ማተሚያ ቤቱ እሱን እየጠበቀ ነው።»

ሻጩ በአክብሮት ሁለት ኪቦርዶች ደረደረ። «ይሄኛው ድምፅ አለው። ይሄኛው ዝምተኛ ነው።»

«ዝምተኛውን» አለ ባልየው።

«የምን ዝምተኛ!» አለች ሚስቱ። «የሚጮኸውን ስጠን። ስትጽፍ እንስማ እንጂ!»

ሻጩ በትንሽ መንቀያ የአንዱን ቁልፍ ቆብ ብድግ አደረገው። «ጥሩነቱ፣ ፊደሉ ሲያልቅ ቆቡን ነቅሎ ሌላ መተካት ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቶሎ የሚያልቅብዎ የትኛው ነው? መለዋወጫ ልጨምርልዎ።»

«ሁሉም።»

«እሱ የት ያውቀዋል?» አሉ አማቱ በኩራት። «ሲጽፍ ወደ ታች የሚያይ መሰለህ?» ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ራሱ ይናገር ብዬ ይዤው መጥቻለሁ።»

ባልየው እጁን ዘረጋ፤ ሻጩ ቀደመው። አሮጌውን ኪቦርድ የመሸጫው ጠረጴዛ መስታወት ላይ አጋድሞ መብራት አስጠጋ። ፊደላቱ ትናንት ከካርቶን የወጡ ይመስላሉ። ከታች በስተቀኝ ያሉት አራቱ ቀስቶች ግን ቀለማቸው ተፍቆ ራሰ በራ ሆነዋል።

«እማማ፣ ፊደላቱ ምንም አልሆኑም። ያለቁት ቀስቶቹ ብቻ ናቸው» አለ ሻጩ። ወደ ባልየው ዞሮም፣ እንደ ባለሙያ፣ «የሚጫወቱት መኪና ነው ኳስ?» ሲል ጠየቀ።

ሚስቱ ቀስቶቹን አየች፣ ባሏን አየች። ቀጥላ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ያ ያስለቀሰሽ ምዕራፍ…»

አማቱ ኪቦርዱን ከመስታወቱ ላይ አነሡና በፎጣው መልሰው ይጠቀልሉት ጀመር።