ሦስተኛ ወገን

«ፍጥነት ነው ልጁን የበላው» አለ አንዱ ጎረቤት ሻዩን እያማሰለ። ያንሾካሾከ መስሎታል። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ግን ባለቤቱ ጆሮ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

አባትየው ሰማ። ግድግዳውን ተከትለው ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ መሬት መሬቱን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የሰዉን ሁሉ ልጅ ሳይጋጭ ሳይላተም ከየደጁ ሲያደርስ። የራሱ ልጅ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ። ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ እሱን ብቻ እንባ ከዳው። እንባውን አንቆ የያዘበት ቁጣ ነው። ልጁ በገዛ እብደቱ የሞተ መስሎታል፤ በሞተ ልጅ ላይ የተቆጣ ሰው ደግሞ ቁጣውን የት ይወስደዋል?

«ያቺ አሮጊት ናት ጉድ የሠራችን» አለ የሟች አጎት፣ የእናትየው ወንድም። «መቃጠል ነበረባት።»

አሮጊቷ መኪናዋ ናት። ልጁ ገና ጢሙ ሳይጠና፣ ከአባቱ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ከወዳደቀ ብረት መሃል አግኝቶ ገዛ። ኪሱ ያለ ቡሎን ስለማይገኝ ሰፈሩ ራሱን «ቡሎኔ» ይለው ነበር። ከጓደኛው ከመካኒኩ ጋር ሆኖ ሞተሯን ቀየረ፤ ከፊት ከኋላ ዝቅ አደረጋት፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሠራው እንጃ፣ ስትነሳ የመንገዱ ውሻ ሁሉ ይጮህባት ነበር። እናቱ «ልጄ አግብቷል፣ ያውም አሮጊት!» እያለች ታሾፍበት ነበር። አሁን እናቲቱ ውስጠኛው ክፍል በሩን ዘግታ ተኝታለች።

አባትየው የማይረሳው ግን የኢንሹራንሱን ነገር ነው። ልጁ ያላንኳኳው በር አልነበረም። አንዱ ቢሮ ዕድሜውን ሰምቶ ሳቀ፤ ሌላው የመኪናዋን ዕድሜ ሰምቶ ሳቀ፤ አንዱ ደግሞ ስለ ሞተሩ ሲነገረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባዬ፣ የኔ ልጅነት፣ የሷ እርጅና፣ የሞተሩ አዲስነት። ሦስታችንም ባንድ ላይ አንፈለግም አሉ።»

«የሞተሩን ነገር ለምን ትነግራቸዋለህ? ኮፋኖ ከፍተው አያዩ!»

«ደብቄ ሰው ብገጭስ? ‹ዋሽተኸናል› ብለው አንከፍልም ቢሉ፣ ያ ሰውዬ በማን ይታከማል?»

«አንተ ስለ ራስህ አስብ!»

«እኔ ምን እሆናለሁ?» አለና ሳቀ።

በመጨረሻ አንድ ቢሮ ሦስተኛ ወገን የሚባለውን ብቻ ሸጠለት። ሌላ ሰው ቢጎዳ ይከፈላል፤ ለሱና ለመኪናዋ ግን ምንም የለም። ለዚያችም ደመወዙን ሙልጭ አድርጎ ከፍሎ፣ ሙሽራ መስሎ ቤት ገባ።

«አንደኛው ወገን እኔ፣ ሁለተኛው እነሱ። ሦስተኛው ገና አልታወቀም» አለ። «አንድ ቦታ መንገድ ላይ እየሄደ ያለ ሰውዬ ነው። ሳንተዋወቅ ገዛሁለት!»

«ሞኝ!» አለው አባቱ። ይህቺ ቃል ናት አሁን ከጆሮው የማትወጣው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ቀኝ እጃቸው በጄሶ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «ያጽናችሁ» ብለው እዚያው ቆሙ። የሚያውቃቸው ሰው አልተገኘም።

«ይቀመጡ አባባ» አለ አጎትየው። «የማን ወገን ነዎት?»

«ወገን እንኳ አይደለሁም። ሰዓት ሠሪ ነኝ። የኢንሹራንስ ሰዎቹ... ሦስተኛ ወገን ይሉኛል።»

ሻይ የሚያማስሉ እጆች ቆሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው ሳይቀመጡ። «ለፖሊሶቹም ነግሬያለሁ። ሐሳብ ይዞኝ፣ ከቆሙ መኪኖች መሃል ግራ ቀኝ ሳላይ ወጣሁ። ልጁ በልኩ ነበር የሚነዳው። የሚያስፈራው ድምጿ ነው እንጂ አልፈጠነም። እኔን ላለመግጨት ወደ ግንቡ ጠመዘዘው። እኔን የጎን መስታወቱ፣ ስፖኪዮው ብቻ ነው ያገኘኝ። እሱን መሪው ደረቱን...»

አጎትየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ታዲያ በየትኛው ዓይንህ ልታየን መጣህ?» አንቱታውን እዚያው ጣለው።

«ተወው» አለ አባትየው። በለቅሶው ቀናት ሁሉ ድምፁ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። «ተናግሯል? ልጄ የተናገረው ነገር አለ?»

«አለ። መንገዱ ላይ ወድቄ ሳለሁ በመስኮቱ አየኝ። ‹አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?› አለኝ። እጄን ይዤ ሳቃስት ጊዜ፣ ‹አይዞዎት፣ ኢንሹራንስ አለኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

አባትየው አፉን በመዳፉ ያዘ። ቁጣው እንደ ተበሳ ጎማ ተነፈሰና፣ ከሥሩ የነበረው ልጁ ብቻ ቀረ፤ ያ ሳቂታ፣ ያ ለማያውቀው ሰው ከፍሎ ለራሱ ምንም ያላስቀረ ልጅ። እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ፤ እናትየው መጥታ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ አብረው አለቀሱ። ስለ ፍጥነት ያወራው ጎረቤት ብርጭቆውን ይዞ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

ሰዓት ሠሪው ከዚህ በላይ መቆም አልቻሉም። «ይቅር በሉኝ» ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ተደናቀፉ። የጫማቸው ክር ተፈቶ መሬት ይጎተታል፤ ባንድ እጅ እንዴት ይታሰር?

«ይቆዩ አባባ» አለ አባትየው።

ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። እንባው ዓይኑን ጋርዶት ክሩን በዳበሳ አገኘውና አሰረው፤ እንዳይፈታም ደግሞ አሰረው። ያልተፈታውንም የሌላኛውን እግር ክር ፈትቶ እንደገና አጠበቀው።

«አላጠበቅሁብዎትም?»

«ደህና ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው በጭንቅ።

አባትየው አስሮ ጨርሷል። እጆቹን ግን ከጫማው ላይ አላነሳም።