ድምፅ የሌለው ፓምፕ

ጎረቤቴ በያጁ ያቺን የውኃ መሳቢያ ጄኔሬተር ሲሸጣት እኔ ራሴ እልል ብያለሁ። "አማት" ነበር የምንላት። ስታጨስ ዓይን ታቃጥላለች፣ ስትጮህ ጆሮ ትበሳለች። የግቢያችን አራት ቤት የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ አማት ከተነሣች ታንከሩ ሞላ አልሞላ አንዳችን ሮጠን እናጠፋታለን።

በያጁ ደግሞ አንድ ነገር ካነበበ አይለቀውም። "አየሩን ያበላሸው ነዳጅ ነው፤ በፀሐይ እንሳብ" አለና ቆርቆሮው ላይ ፓኔል ደርድሮ፣ ማቀፊያውን ራሱ በይዶ፣ አዲስ ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደ። ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። ኮሽ አይልም።

"እትዬ፣ ሰማሽው?" አለኝ የመጀመሪያው ቀን።

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ! ምንም አይሰማም!"

ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ፀሐይዋንም እሱ የበየዳት ይመስል ነበር።

ሚስቱ ከእሱ በላይ ተደሰተች። አምና በዚያ ሙቀት አንድ የሰፈራችን ጡረተኛ ፖስተኛ መንገዳችን መታጠፊያ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ፣ ከቤቷ ጀርባ ችግኝ ታፈላለች። ክረምት ሲገባ መንገዱን ግራና ቀኝ ጥላ ልታለብሰው ነው። ውኃው እንደ ልብ ሲሆን ችግኙን እጥፍ አደረገችው። "ዝናቡ እስኪመጣ ብቻ ይቆዩልኝ" ትላለች፣ ስለ ልጆቿ የምታወራ ይመስል።

እኛም አላነስንም። ሌላው ጎረቤታችን፣ ሾፌሩ፣ መኪናውን ጠዋትም ማታም ያጥባል። እኔ በበኩሌ አቧራ እንዳይነሣ ብዬ ደጄን ረጭቼ ረጭቼ፣ እንቁራሪት መጥታ "የሚከራይ ቤት አለ?" ልትለኝ ትንሽ ነበር የቀራት። ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ እያየን እናልፋለን። ምን ቸገረን? ፀሐይ እንደሆነች አታልቅ!

አንድ ቀትር ላይ ሚስቱ ችግኝ ስታጠጣ አጥሩን ተደግፌ አዋራታለሁ። የውኃ ጎማውን እንደ ጉንፋናም ሰው አሳለው። ጭቃ ተፋ። ከዚያ አየር ብቻ።

"ረግጠሽው ነው እንዴ?" አለችኝ።

እግሬን አየሁ። አልረገጥኩም። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ እየሮጠ መጣ። ባልዲ በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀው። የውኃ ድምፅ ስንጠብቅ ቋ! አለ። ድንጋይ። ስንት ዘመን ከዚያ ጉድጓድ ስጠጣ ታቹን ሰምቼው አላውቅም።

"የት ሄደ?" አለ ሾፌሩ፣ ሌባ የገባ ይመስል።

ሁላችንም ገብቶናል፤ ውኃውን ስታስቆጥበን የኖረችው ያቺ ጯኺ ነበረች።

"ፓምፑም ነዷል" አለ በያጁ። ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ እኮ አየሩን ላድን ብዬ…"

"አውቃለሁ" አለች ሚስቱ። "እኔስ? እጥፍ አድርጊ ያለኝ ማን ነው?"

ማምሻውን ከድንጋዩ ሥር ትንሽ ውኃ አቆረ። ለየቤቱ የሚጠጣ ከተዳረሰ በኋላ አንድ ባልዲ ቀረ፣ እሱም ግማሹ ጭቃ ነው። ዝናቡ ገና ነው። ሚስቱ ባልዲውን ይዛ ወደ ችግኞቿ ስትሄድ ተከተልናት። ከአንደኛው የችግኝ መደብ ላይ ከፀሐይ የሚከልለውን የጥላ መረብ ገፈፈችና በሌላኛው ላይ ደረበችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ባሏ ደንግጦ።

"ለሁሉም አይበቃም። እየመረጥኩ ነው።"

አጠገቧ ተንበረከከ። እሷ በጣቷ ስታሳየው እሱ በጣሳ እየቀዳ ያጠጣል። የተገፈፈው መደብ ዳር ላይ አንዲት ቅጠሏ ገና ያልጠወለገ፣ ቀጥ ብላ የቆመች ችግኝ ነበረች።

"ይቺስ?" አለ ጣሳውን አንሥቶ።

ሚስቱ ባልዲውን ዘንበል አድርጋ ውስጡን አየች።

"ተዋት" አለች።

እሱ ግን ጣሳውን እንዳነሣ ቀረ።