ይሄማ ጎመን ነው

አገሬ የጎመኑን እስር ከጀርባዋ አውርዳ ጅጋ ገበያ ዳር ላይ ስትዘረጋ፣ ልጇ ቻይነሽ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ቆመች። ድሮ ገበያ ሲወጡ እናቷን ጥላ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ሐምሌ ላይ ኩፍኝ ከያዛት ወዲህ ግን ቀሚስ ሳትይዝ አትራመድም። ግራ ዓይኗን ነጭ ነገር ሸፍኖታል፤ ቀኙንም ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዳፍንት ይይዘዋል። ገና ስድስት ዓመቷ ነው።

"ቶሎ ሽጭና ብርቱካኔን ግዥልኝ፣ እማ።"

"እገዛልሻለሁ የኔ ዓለም። መጀመሪያ ጎመኑ ይሂድ።"

በእነ አገሬ መንደር ጎመን ጓሮ ይበቅላል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ በቃ። ቤት ውስጥ የሚበላው ጎተራ ሲራቆት ነው፤ ያም በር ተዘግቶ። ጤፍ እያለው ልጁን ጎመን ያበላ አባወራ ስሙ በየጠላ ቤቱ ይነሣል። የአገሬ ባል ታከለ ደግሞ ለስሙ የሚሞት ሰው ነው፤ ምን ይደረግ።

ሰው እየተጋፋ ሲያልፍ አንዲት ካኪ የለበሰች ሴት ልጅቱን አይታ ቆመች። እናኑ ናት፤ ከክትባት ሠራተኞች ጋር በየገበሬ ማኅበሩ የምትዞረው። ነሐሴ ላይ በእነ አገሬ ማኅበር ስብሰባ፣ መፈክሩ ካለቀ በኋላ ተነሥታ፣ ዳፍንት የጀመራቸው ልጆች አትክልትና ፍራፍሬ ይብሉ ብላ የተናገረችው እሷ ነበረች። አገሬ ያን ቀን ከፊት ተቀምጣ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ነው የሰማችው። ያን ጊዜ ሁለቱም የቻይነሽ ዓይኖች ቀን ቀን ያዩ ነበር።

"ምን ሆነች ልጅቷ?" አለች እናኑ ቁጢጥ ብላ።

"ኩፍኝ ነው፣ ሐኪሟ። ግን ያሉኝን እያደረግሁ ነው። አንድም ገበያ አልዘለልሁም።"

"ምን እያደረግሽ?"

"አትክልቱን ነዋ። ጎመኑንም ዱባውንም እየሸጥሁ ብርቱካን እገዛላታለሁ፣ ያንን ከባሕር ዳር በመኪና የሚመጣውን። አንዳንዴ አንድ ብቻ ይደርሰኛል። እሷ ትበላለች፣ እኔ ልጣጩን አሸታለሁ።" አገሬ ፈገግ አለች፤ የምትመሰገን መስሏት ነበር።

እናኑ የተዘረጋውን ጎመን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ እንደገና ጎመኑን አየች።

"እህቴ፣ አትክልት ያልሁትኮ ይሄንን ነው።"

አገሬ ሐኪሟ የምትቀልድ መሰላት። "ይሄማ ጎመን ነው" አለች።

"ጎመንም አትክልት ነው። ዱባውም። ለዓይኗ ከብርቱካኑ ይልቅ የሚጠቅሟት እነሱ ናቸው።"

"አትክልት የከተማ ሰው ገዝቶ የሚበላው አይደለም እንዴ?"

እናኑ ከንፈሯን ነከሰች። በዚያ ስብሰባ ላይ ስሙን ጠርታ ጎመን ብትል ኖሮ አገር ይሰማት ነበር። አላለችም። ከሥልጠና ያመጣችውን ቃል እንዳለ ተናግራ ወረደች፤ ሰውም አጨብጭቦ ወደየቤቱ ሄደ።

አገሬ እጎመኑ አጠገብ ቁጭ አለች። "በዚህች ልጅ ፊት እኮ ነው በየገበያው ተሸክሜ ያለፍሁት" አለች። "ጓሮዬ ውስጥ ነበር። ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ።" እንባዋ መጣ፤ ልጅቱ እንዳትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እናኑ የልጅቱን ዓይኖች ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያም አገሬን ወደ ጎን ወሰደቻት።

"አልዋሽሽም፣ ግራው አልቋል። ቀኙ ግን ገና ነው። እንክብል አለው፤ እሱም አልቆብናል፣ ይመጣል ይሉናል። አንቺ እሱን አትጠብቂ። ከዛሬ ጀምረሽ ጎመኑን ቀቅለሽ፣ ቅቤ ጠብ አድርገሽ በየቀኑ ስጫት።"

አገሬ ተመልሳ ጎመኑን ስታስር አንዲት ገዢ መጣች።

"ስንት ነው ጎመኑ?"

"አይሸጥም።"

"ታዲያ ለምን ዘረጋሽው?"

አገሬ እስሩን በጀርባዋ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ማንኩሳ መንገዱን ተያያዘችው።

ታከለ ደጃፍ ላይ ሞፈር ሲጠርብ አገኘችው። "ሳትሸጭ መጣሽ?" አላት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ጥርቡን አስቀመጠ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ቢናገራት ይሻላት ነበር።

ጎመኑ በስሎ ገበታው ሲቀርብ ታከለ እንደ ልማዱ በሩን ሊዘጋ ተነሣ። መድረኩ ላይ ትንሽ ቆየና ሳይዘጋው ተመለሰ።

"አልበላም" አለች ቻይነሽ ሽታው ሲደርሳት። "ጎመን የድሃ ነው።"

"ማን አለሽ?" አለች አገሬ።

"አባዬ።"

ታከለ አቀረቀረ። ከዚያ እጁን ሰደደና ጎረሰ። "ይኸው እኔም እየበላሁ ነው፣ ቻይናዬ። ይጣፍጣል።" ልጅቱ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን አዞረች። አባበሏት፣ ተቆጧት፣ ዘፈኑላት፤ ወይ ፍንክች። አገሬ ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ደርሳ ነበር።

ቻይነሽ ቆየችና እጇን ግራ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

"ብበላው ይሄኛው ያያል?"

ታከለ ሚስቱን አያት። አገሬ ለልጅ መዋሸት አትወድም፤ ልጅቱ መርፌ ስትወጋ እንኳ አያምምሽም ብላ አላታለለቻትም።

"ያያል" አለች።

"እውነት?"

"እውነት።"

ቻይነሽ አፏን ከፈተች። ፊቷን አጨማድዳ አላምጣ ዋጠችና እንደገና ከፈተች። ታከለ ዓይኑን ከሚስቱ ላይ አላነሣም፤ ኋላ ምን ልትያት ነው የሚል ዓይን ነበር። አገሬ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች። ኋላ ውሸታም ትለኛለች፣ አለች በልቧ። ትበለኝ፤ ብቻ እያየችኝ ትበለኝ።