ከተማ ውስጥ የማትፈላው ሚኒባስ

መኪናዬ ከተማ ውስጥ እንደ በግ ነች። ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ታንቀላፋለች፣ ምንም አትሆንም። ረጅሙን መንገድ ይዛ በደንብ መሮጥ ስትጀምር ግን ትፈላለች። የሙቀቷ መርፌ ቀስ እያለ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ መመለስ የለም። እኔም ጥግ ይዤ አቆማለሁ። ከኋላዬ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ።

ሥራዬ እሱ ነው። ሩቅ ካለው ማስፈልፈያ የአንድ ቀን ጫጩት እየጫንኩ ለአርቢዎች አከፋፍላለሁ። የኋላ ወንበሮቿን አስወጥቼ ካርቶን እደረድርባታለሁ። ስንሄድ በመስኮት ነፋስ ያገኛሉ፤ ስንቆም ግን ይታፈናሉ። ባለፈው ሞተሩ እስኪበርድ ስጠብቅ ግማሹ ካርቶን ዝም አለ። ጫጩት ዝም ሲል ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው አይገባውም።

ባሌ በነጋታው ገዢ እንዳገኘላት ነገረኝ።

«ሰኞ መጥቶ ይወስዳታል።»

«እኔስ በምን ልሥራ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ወንድምሽ ጋ ትወስጃታለሽ፣ እሱ አንድ ነገር ይቀይርላታል፣ እሷ ትፈላለች። ግራ ገባኝ እኮ፣ የልጆቼ እናት።»

ግራስ እኔም ገብቶኛል። ግራ ገባኝ ማለት ግን ሽጡልኝ ማለት አይደለም።

ወንድሜ ታናሼ ነው፣ መካኒክ። የጋራዥ ሰዎች «ቃጠሎ» ይሉታል። ወጣት ሳለ የፈላ ራዲያተር ከፍቶ እንፋሎቱ ግማሽ ፊቱን እስከ አንገቱ ላጠው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለው፤ ሞተር ሳይጠፋና ሳይበርድ ኮፈን አይከፈትም። እሱ ጋ ይህን የጣሰ ሠራተኛ መፍቻውን አስረክቦ ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። እስካሁን ራዲያተሩን አሳጥቧል፤ ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ክዳኑን ሳይቀር ቀይሯል። አንድ ጊዜ ዞራትና የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ።

«እታለም፣ እኔ ጋ ያለው አልቋል» አለኝ። «የማውቀውን ሁሉ ቀይሬያለሁ።»

«ስትፈላ አይተሃት ታውቃለህ?»

«እንዴት አያታለሁ? እዚህ ስትመጣ አትፈላም።»

«እንግዲያው ተነስ፣ ሄደን እናፍላት።»

«ሰው ሁሉ እንዳይፈላበት ይለምነኛል፤ አንቺ ደግሞ አፍላልኝ ትያለሽ» አለ። ግን ተነሳ። ጭቅጭቄን ያውቀዋል።

ከከተማ ወጥተን ሜዳውን ያዝን። እሱ መርፌውን፣ እኔ መንገዱን እያየን ሄድን። መርፌው ሲነሳ ጥግ ያዝኩ። እጁ ወዲያው ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ያዝኩት።

«አታጥፋ።»

«ሕጌን ታውቂያለሽ።»

«ሕግህ ለሠራተኞችህ ነው። ሁልጊዜ አጥፍተን፣ አብርደን ነው የምናያት። በሽተኛ ከዳነ በኋላ ሐኪም ጋ ቢሄድ ምን ይገኝበታል? በል እኔ ቦታ ተቀመጥና ነዳጅ ርገጥ።»

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩት። ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። እውነቱን ልናገር፣ ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ቬንቲላተሩ ይዞራል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ይርገበገባሉ፣ ሁሉም ነገር ይጮሃል። ይሄኔ ከራዲያተሩ ሥር የሚወጣው ወፍራም ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ላይ ዓይኔ ወደቀ። ያለቀ የጥርስ ሳሙና መስሎ ተጣብቋል።

«ተወው» አልኩ። ቱቦው ተነፍቶ ክብ ሆነ።

«ርገጥ።» እንደገና ተጣበቀ።

ጭንቅላቴ ዞረ። ጤነኛው የትኛው ነው፣ ክቡ ወይስ ጠፍጣፋው?

«ይሄ ቱቦ ይተነፍሳል» አልኩት።

«ቱቦ አይተነፍስም። ሙቀቱ ዓይንሽን አጭበርብሮት ነው።»

«ና ራስህ እይ።»

አልመጣም። መሪውን እንደጨበጠ ቀረ፤ አንድ እጁ አንገቱ ላይ ነበር። ሄጄ በሩን ከፈትኩለትና አጠገቡ ቆምኩ። ቆይቶ ወረደ፣ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ በጎን በኩል ተጠጋ።

እኔ ገብቼ ረገጥኩ። ኮፈኑ ጋርዶት ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚታየኝ። እጁ ብቅ ብሎ «ተይ» ይለኛል፤ እንደገና «ርገጪ»። ደጋግሞ አስረገጠኝ። ከዚያ መጥቶ ሞተሩን አጠፋና መንገድ ዳር ተቀመጠ።

«የድሮው ቱቦ ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ ነበረው» አለ። «አምና ቱቦውን ስቀይር ሽቦው ዝጎ አገኘሁት፣ ለአዲስ ቱቦ ምን ይፈይዳል ብዬ ጣልኩት። ስትሮጪ ፓምፑ ውሃውን በኃይል ይስባል። ቱቦው ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ የሚደግፈው ከሌለ ይጣበቅና ውሃ አያሳልፍም። ስናጠፋው ተመልሶ ክብ ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ የማገኘው ክቡን ነው።»

ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ያ ሁሉ ጫጩት በአንድ ቁራጭ ሽቦ? ልቆጣው አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል፣ ጠባሳው ቀልቷል።

«ፊትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ። «ሠራተኞቼ ብቻ እንዳይሰሙ።»

እሑድ ሽቦ ያለው ቱቦ አግኝቶ ገጠመላት። ያንኑ መንገድ ይዘን ሄድን፤ የፈላችበትን ሜዳ አልፈን፣ ማስፈልፈያው በር ደርሰን ተመለስን። መርፌው ንቅንቅ አላለም። የመርፌውን መስታወት በጣቴ መታ መታ አደረግኩት።

«መርፌው ራሱ ሞቶ እንዳይሆን።»

«አሁን ደግሞ መርፌ አትግደይብኝ» አለኝ።

ሰኞ ገዢው መጣ። ባሌ በር ላይ አቁሞት ገባ።

«ምን ልበለው?»

«አትሸጥም በለው። የአንድ የውሃ ቱቦ ችግር ነበር፣ ተሠርቷል።»

«ዓመት ሙሉ ያሰቃየሽ ቱቦ ነው?»

«ቱቦ ነው። ስናየው ክብ፣ ሳናየው ጠፍጣፋ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ይሄን ብለው ያምነኛል?»

«እኔ በዓይኔ አይቼ ገና እያመንኩ ነው። ብቻ ንገረውና ከበሩ ላይ ዞር ይበል፤ ካርቶን ጭኜ ልወጣ ነው።»