ተንሳፋፊው

"ተንሳፋፊ" ብሎ የሰደበው የገዛ አባቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ለቀማው ሊያበቃ ሲል፣ ከእሸት ቡና ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን እንደታቀፉ ቆመው እያዩ። አባቱ፣ ልጁ ሳያጥብ ጭኖት ከገበያ የተመለሰባቸውን ጆንያ ፈታና ሦስት ቀያይ ፍሬ አውጥቶ አንድ በአንድ ውኃው ውስጥ ጣለ። "ይሄ እኔ ነኝ" አለ፤ ሰመጠ። "ይቺ እህትህ ናት" አለ፤ ሰመጠች። ሦስተኛው ግን ገና ከእጁ ሲወርድ ውኃው ላይ ቀረ። "ይሄ ደግሞ አንተ ነህ። ላይህ ቀይ፣ ውስጥህ ባዶ። ተንሳፋፊ።" ለቃሚዎቹ ሳቁ። አንዷማ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው።

ሹፌሩ ይህን የሚያስታውሰው ሚኒባሱን በአንደኛ ማርሽ እያስጮኸ፣ ኮረኮንቹን ሽቅብ ሲወጣ ነው። ለማስታወስ ደክሞ አያውቅም፤ እንደ ትንፋሽ ራሱ ይመጣለታል። "ወንበር ከማሞቅ ሌላ ምን ታውቃለህ?" ብሎ ከስድስተኛ ክፍል ያስኮበለለውን መምህር፣ በአጎቱ ልጅ ሠርግ ከጄኔሬተሩ ጎን ያስቀመጠውን አስተናባሪ፣ ሰላምታውን ሳይመልስ መስኮቱን የዘጋበትን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ሁሉንም ከነለበሱት ልብስ ያውቃቸዋል። የአባቱ ግን ከሁሉም ይለያል። ሌሎቹ ሰደቡት፤ አባቱ ስም አወጣለት። ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ ሁሉ በዚያ ስም ጠራው። እሱም ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣና ያገኘውን መሪ ጨበጠ፤ የጭነት፣ የአምቡላንስ፣ አሁን ደግሞ የአስጎብኚ ድርጅት።

የዘወትሩ ሹፌር ወገቡን ይዞት ነው ዛሬ እሱ የተላከው። "የአንድ ቤተሰብ ቡና እርሻ ነው፤ ደርሶ መልስ" አለው አለቃው በስልክ። የማን ቤተሰብ እንደሆነ ከመንደሩ ስም አወቀ። "አልሄድም" ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እንዲያውም ጢሙን ተላጨ። ለአባቱ ብሎ እንዳልሆነ ለመስታወቱ ነግሮታል፤ መስታወቱም አላመነውም።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያን ቃል የተፋው አፍ መልሶ ይዋጠው። ሰው ፊት የተባለ፣ ሰው ፊት ይነሣ። ያ ከሆነ ሚኒባሱን ለባለቤቱ አስረክቦ ቤቱ ይገባል። ጉልበቱ አልቋል፤ በኪራይ ክፍል ተኝቶ በሰው መኪና መንዳት ሰልችቶታል። ያ ካልሆነ ግን፣ እንደወጣ ይቀራል።

"ሹፌር፣ ገና ነው?" አለ ከኋላው ባርኔጣ ያደረገ እንግዳ። ከተነሡ ጀምሮ ይጠይቃል።

"ደርሰናል።"

"እኔ እኮ ቡና ሱቅ ውስጥ የሚበቅል ነበር የሚመስለኝ" አለ ባለ ባርኔጣው፤ ሚስቱ ብቻ ሳቀችለት።

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ይህ እርሻ ከአያታችን..." ብላ ጀመረችና የሚኒባሱ በር ተከፍቶ ሹፌሩ ሲወርድ ቀሪውን ረሳችው። ጠቁራለች፤ ከስታለች። እንግዶቹ ስልካቸውን ለፎቶ ሲያዘጋጁ አጠገቡ ደረሰችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ጋሼ፣ አንተ ነህ?" አለች።

"ሹፌሩ ነኝ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሠራች። እንግዶቹን በችግኙ አሳለፈቻቸው፤ ለቀማ አስሞከረቻቸው፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ደባልቀው ሲቀነጥሱ ፈገግ አለችላቸው። መፈልፈያውን አስነሥታ ቆዳው በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ሲወጣ አሳየቻቸው። ቃሎቿ ብዙ ጊዜ እንደተፋቀ ድስት ያለቁ ነበሩ። ሹፌሩ ከኋላ ይከተላል። መኪናው ውስጥ መቆየት ነበረበት፤ እግሩ ግን እሺ አላለውም።

ገንዳው ጋ ሲደርሱ አባቱን አየው። ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል። ትከሻው፣ ያ ጆንያ ሲሸከም የማይጎብጠው ትከሻ፣ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ጉልበቱ ላይ ቀይ ፍሬ የሞላ ሳህን ይዟል።

"እስቲ ቀረብ በሉ" አለ ሽማግሌው፤ ድምፁ አላረጀም። "እንዲሁ ብታዩት ሁሉም ቀይ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ውኃ ግን አይዋሽም።" አንድ ፍሬ ጣለ። "ይሄ እኔ ነኝ።" ሰመጠ። "ይቺ ስታስጎበኛችሁ የቆየችው ልጄ ናት።" ሰመጠች። ሦስተኛዋን ፍሬ በጣቶቹ መሀል አገላበጣትና ጣላት። ተንሳፈፈች። "ይሄ ደግሞ ትልቁ ልጄ ነው።"

እንግዶቹ ሳቁ። ባለ ባርኔጣው አጨበጨበ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የሹፌሩ አባት ግን ወግቶም አልረሳ፤ ቁስሉን ለእንግዳ ማሳያ አድርጎታል። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ውስጥ ጨመቀው። እህቱ አንገቷን ደፋች።

"ታዲያ አሁን የት ነው ልጅዎ?" አለች የባለ ባርኔጣው ሚስት።

"ተንሳፈፈ፣ ሄደ። ውኃ የወሰደውን ማን ይጠይቃል?"

እዚህ ላይም ሳቅ ነበር፤ ግን ያነሰ። ሽማግሌው እጁን ወደ ገንዳው ሰደደና በዳበሳ የተንሳፈፈችውን ፍሬ ፈልጎ አወጣት። በሸሚዙ ጫፍ አደረቃትና ደረት ኪሱ ውስጥ ጨመራት።

"አይጥሏትም እንዴ?" አለ ባለ ባርኔጣው።

"ለምን እጥላለሁ? የሚሰምጠው ለገበያ ነው፤ ለእናንተ። ተንሳፋፊውን እኛ እንጠጣዋለን። ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት እሱን ነው። ሌላው አይጥመኝም።"

"ወይ ጉድ፣ ባለ ቡናው የቡናውን መጥፎ ይጠጣል?" አለ ባለ ባርኔጣው።

"መጥፎ አላልኩም" አለ ሽማግሌው። "አይሸጥም ነው ያልኩት።"

ሹፌሩ ይህን ሰማ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይበልጥ ተናደደ። ስድብ ከሆነ ስድብ ይሁን፤ አሁን ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ዞር ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሄደና የፊት ጎማውን ረገጠው። ጎማው ምንም አልሆነም።

እንግዶቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲቀምሱ፣ እህቱ በአንድ እጇ ስኒ፣ በሌላው ትንሽ ፔርሙስ ይዛ መጣች። ቀዳችለት። ገና ሽታው ሲደርሰው አወቀው፤ ቀጠን ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል። ከትምህርት ቤት በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ የሚጠጣው።

"አንተ ላይ ሲስቁ እየሰማሁ ዝም ማለቴን አውቃለሁ" አለች። "ሺ ጊዜ ተው ብዬዋለሁ። እንግዳው ይወደዋል ይለኛል።"

"ደስ ይበላቸው።"

"እንግዳ በሌለበትም ያወራዋል፣ ጋሼ። ለእኔ። ለግድግዳው። ሌላ የሚያወራው የለውም።"

የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ስኒውን ተቀበላት።

"ተመለስ" አለችው። "ለቃሚ ማሰማራት እኔ፣ እንግዳ ማሳቅ እኔ፣ አባባን ማጠብ እኔ። ደክሞኛል።"

"የሰመጥሽው አንቺ አይደለሽ? ቻይዋ።"

"አዎ፣ እስከ አንገቴ ሰምጫለሁ" አለች። ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ አልመጣም። "አናግረው። አንድ ቃል ብቻ። ድምፅህን ከሰማ ይበቃዋል።"

"እሱ ይጀምር።"

"ማን እንደቆመ ሳያይ እንዴት አድርጎ ይጀምር?"

"ሲሰድበኝ ያይ ነበር።"

እህቱ ፔርሙሱን ከደነችው። አጥብቃ፣ ደጋግማ፣ መዘጋቱን እያወቀች።

በዚህ መሀል ሽማግሌው በበትሩ ደረጃውን እየነካካ ከበረንዳው ወረደ። እንግዶቹም ሊነሡ ነውና ቦርሳቸውን እየያዙ ተከተሉት። ሹፌሩ ሁለት ጉንጭ ጠጥቶ ነበር። ስኒውን ሊያስቀምጥ ቦታ ፈለገ፤ አጣ።

"ሹፌሩን ረስታችሁት እንዳይሆን" አለ ሽማግሌው። "ቡና ሰጥተሽዋል?"

"ሰጥቼዋለሁ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ጥቂት ተራመደና ቆመ። አፍንጫው ወደ ስኒው ዞረ። "ይሄ የቤቱ ነው፤ ተንሳፋፊው" አለ።

እህቱ ወንድሟን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"የእንግዶቹ አልቆብኝ ነው" አለች።

"የእንግዶቹ ጀበና ሙሉ ነው፤ አሁን ነክቼው መጣሁ። የቤቱን ለውጭ ሰው አንሰጥም አላልኩሽም? ምን ይለናል?" ሽማግሌው በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኙን ወደ ሹፌሩ ዘረጋ። ጣቶቹ የሸሚዙን እጅጌ አገኙ። "ይቅርታ፣ ልጄ።"

እንግዶቹ ቆመዋል። መፈልፈያው ጋ ያሉት ለቃሚዎችም ቀና ብለዋል። ሹፌሩ የመጣው ለዚህ ነበር፤ ለእነዚሁ ሁለት ቃላት፣ በዚሁ አፍ፣ ሰው ባለበት። መጡለት። ለቡናው ነው የመጡት። ሽማግሌው ድሮም መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ "ልጄ" ይላል፤ ጎረምሳውንም፣ ቀራጩንም፣ በሬ ነጂውንም።

"ይሄ ለሰው የሚሰጥ አልነበረም" አለ ሽማግሌው። "ጣመህ?"

ሹፌሩ ስኒውን ወደ ደረቱ ሳበ። ጉሮሮው ውስጥ ያ ቀጭን ጣዕም አለ። ቢተነፍስ እንኳ አባቱ የሚያውቀው ድምፅ የሚወጣ መሰለው።

"ዲዳ ነው እንዴ?" አለ ባለ ባርኔጣው። "መንገድ ላይ ያወራ ነበር።"

እጅጌውን የያዙት ጣቶች አልለቀቁም። ክንዱን ቀስ ብለው ወረዱ፤ አንጓው ጋ ደረሱ፤ እዚያ ቆሙ። ሕፃን ሳለ መፈልፈያው የነከሰው ቦታ ላይ ጠባሳ አለ። ሽማግሌው ሞራ የጋረደው ዓይኑን አንድ ጊዜ አርገበገበ።

"የማን ልጅ ነህ?" አለ።

ድምፁ ሰው ፊት የሚናገርበት አልነበረም። እህቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሹፌሩ መልሱን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያሰላስል ኖሯል። የሚያቃጥሉ መልሶች ነበሩት፣ ተራ በተራ የተሳሉ። ሁሉም ግን ያን የማይጎብጥ ትከሻ ለያዘ ሰው የተዘጋጁ ነበሩ።

እጁን ከአባቱ ጣቶች መሀል ቀስ አድርጎ አወጣ። ዞረና ወደ ሚኒባሱ መራመድ ጀመረ።

"ስኒው!" አለች እህቱ ከኋላው። "ጋሼ፣ ስኒውን..."

"ተዪው" አለ ሽማግሌው። "ሲጨርስ ያመጣዋል።"

ሹፌሩ ዘወር አላለም። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የቀረው እንዳይፈስበት በዝግታ እየረገጠ ሄደ።